ቅኔ ቤት፦ በየቀኑ አዲስ ነገር የሚፈጠርበት ጉባኤ

ቅኔ ቤት ጠረጴዛ የለም። ደብተርም አያስፈልግም። የኔታ ከዛፍ ሥር ወይም ከጎጆአቸው ደጅ ይቀመጣሉ፤ ተማሪው ዙሪያቸውን ይከባል። የሚጠየቀው ግን ቀላል አይደለም። ትናንት ያልነበረ፣ ማንም ያላለው ግጥም፣ በግዕዝ፣ ዛሬ ይዞ መምጣት ነው። ነገ ደግሞ ሌላ።

ቅኔ ቤት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት አንዱ ክፍል ነው። ብዙ ጊዜ ከንባብ ቤትና ከዜማ ቤት በኋላ፣ ከመጽሐፍ ቤት በፊት ይመጣል። በሌሎቹ ጉባኤዎች የተማሪው ዋና ሥራ የነበረውን መቀበል ነው። ዳዊቱን እንዳለ ይደግማል፤ የዜማውን መጽሐፍ ድጓውን እንዳለ ያጠናል። አንዲት ፊደል ቢጨምር ይገሠጻል። ቅኔ ቤት ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ የሌላውን እንዳለ መድገም ነው ነውሩ።

ቃሉ ከግዕዙ «ቀነየ» የመጣ ነው፤ መገዛት፣ ማገልገል፣ መዘመርም አለበት። ትውፊቱ የቅኔን መነሻ ወደ 6ኛው ክፍለ ዘመን፣ ወደ ቅዱስ ያሬድ ይወስደዋል። መንገዱን ሥርዓት አስይዘው አስተማሩ የሚባሉት ግን ዮሐንስ ገብላዊና ተዋናይ ናቸው። ማን ይቀድማል የሚለው ዛሬም ያከራክራል። የዋድላና የጎጃም ሰው በተቀመጡበት ባታነሱት ይሻላል። ከታወቁት የቅኔ መንገዶች ዋድላ፣ ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው በሰፊው ይነሣል፤ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስም ብዙ ባለቅኔ ያፈሩ የጎጃም ደብሮች ናቸው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ቅኔ የተማሩት በዚያው አካባቢ ነው።

ተማሪው የሚጀምረው በግሥ ነው። የግዕዝን ግሥ ያወርዳል፣ እርባታውን ይለማመዳል፣ አገባቡን ይይዛል። ከዚያ ቆጠራ ይመጣል። «ቅኔ ቆጠረ» ማለት በልቡ አሰላስሎ አዘጋጀ ማለት ነው። ቆጠራ መባሉም አይገርምም፤ እያንዳንዱ የቅኔ ዓይነት የራሱ ልክና የራሱ ዜማ አለው። ስንኙ «ቤት» ይባላል። ትንሹ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው። ዘአምላኪየ ሦስት፣ ሚበዝኁም ሦስት፣ ዋዜማ አምስት፣ ሥላሴ ስድስት፣ መወድስ ስምንት እያለ ያድጋል። ዕጣነ ሞገር ሰባትም አሥራ አንድም ቤት ያለው አለ። ስማቸው ከአገልግሎቱ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ዋዜማ በበዓሉ ዋዜማ፣ ክብር ይእቲ በቁርባን ሰዓት ይባላል። ጀማሪው መጀመሪያ ትርጉሙ ባይሞላለትም ልኩን ይጠብቅ ይባላል። ምሥጢሩ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ሲቆጥር ተማሪው ከሰው ይሸሻል። ጫካ ይገባል፣ ገደል ጥግ ይቀመጣል፣ ደበሎውን ተከናንቦ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ከሩቅ ላየው ሰው ጤነኛ አይመስልም። የአገሬው ሰው ግን ለምዶታል፤ ዝም ብሎ ያልፈዋል። በመሃል ደግሞ ሆድ አለ። አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ውሻ እየተከላከለ ቁራሽ ይለምናል። ቆሎ ተማሪ የሚለው ስም ያለ ምክንያት አልወጣም። መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው ከአለቃ ለማ ኃይሉ አፍ ተቀብለው ያሳተሙትን ትዝታ ያነበበ ሰው፣ ይህ ኑሮ ምን ያህል መራራ፣ ምን ያህልም ሳቅ የሞላበት እንደነበር ያውቃል።

የቆጠረውን ይዞ የሚቀርብበት ሰዓት «ነገራ» ይባላል። ተማሪው ቀርቦ፣ ጎንበስ ብሎ ቅኔውን ይናገራል። የኔታ ያርማሉ። ቃሉ ይጣላል፣ ሌላ ይገባል፣ አንዳንዴ ሙሉው ቅኔ ይፈርሳል። ተማሪው በበዛበት ጉባኤ ጀማሪዎቹን የሚሰማው አስነጋሪው ነው፤ እሱ ራሱ ገና ተማሪ ነው፣ ግን ብዙ የሄደ። ከዚያ የኔታ የራሳቸውን ቅኔ ለጉባኤው ይዘርፋሉ፣ አውጥተው ይናገራሉ ማለት ነው፤ ዘርፈውም ይፈቱታል። (የቅኔ ቤትን አማርኛ የማያውቅ ሰው «የኔታ ዘረፉ» ሲባል ቢደነግጥ አይፈረድበትም።) ያማረ ቅኔ የሰማ ሊቅ «ይበል!» ይላል። ዛሬ ጋዜጣው ሁሉ «ይበል የሚያሰኝ ሥራ» እያለ የሚጽፈው የዚያ ቃል ዘመድ ነው።

ስለ ሰምና ወርቅ ብዙ ተብሏልና አላስረዝምም። አንጥረኛ ጌጥ ሲሠራ መጀመሪያ በሰም ይቀርጻል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ሰሙን አቅልጦ ያወጣና በቦታው ወርቅ ያፈስሳል። በቅኔም ላይ ላዩን የሚሰማው ሰም ነው፤ የተፈለገው ውስጡ ያለው ወርቅ። በአማርኛ ላሳይ ብዬ ይህቺን ገጠምኩ፦

ከአባይ ተጠግተህ ቤት ሠርተህ የተኛህ፣
ክረምቱ ሲገባ ምነው ሆድህ ባባህ?

ሰሙ ወንዝ ዳር ቤት የሠራ ሰው፣ ክረምት ጎርፉን ይዞ ሲመጣበት ነው። አባይ ግን ውሸታምም ነው። ወርቁ አባይን አምኖ ኑሮውን የመሠረተ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ያለቀሰ ሰው ነው። በግዕዙ ቅኔ ይህ እጅግ ይረቃል፤ ሰሙ ብዙ ጊዜ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ነው፣ ወርቁ የዛሬ ሰው። ወይም ተገላቢጦሹ። ኅብርና ውስጠ ወይራ የሚባሉ ሌሎች መንገዶችም አሉ።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ የሥራው ዕጣ ነው። አራት ዓመት የተቀመጠ ተማሪ በቀን አንድ እንኳ ቢቆጥር፣ በዓላቱ ተቀንሰው ከሺህ ያላነሰ ቅኔ ይፈጥራል። አብዛኛው ወረቀት ላይ አይወርድም። ተነገረ፣ ታረመ፣ ጠፋ። በበዓል ማኅሌት ላይ የሚዘረፈውም እንደዚያው ነው፤ አንዴ ተብሎ ያልፋል፣ ደግሞ ማምጣት ያሳፍራል። ታዲያ ትርፉ ምንድን ነው? ትርፉ ሰውየው ነው። የሚሠራው ግጥሙ ሳይሆን ገጣሚው ነው ማለት ይቻላል። በየቀኑ በሰው ፊት መሳሳት ይለምዳል። የወደደውን ስንኝ ሲያፈርሱበት እንደገና መጀመር ይለምዳል። ጆሮው ይሰላል።

ሌላም አለ። እናቱ የሞተችበት ተማሪ ጉባኤ መሃል ቆሞ ኀዘኑን አይዘረዝርም፤ ወጉ አይደለም። ግን የማርያምን ኀዘን ሰም አድርጎ የራሱን ወርቅ ሊያደርግ ይችላል። የሚገባው ይገባዋል። ረሃቡን፣ ናፍቆቱን፣ ባለጸጋው ደጅ የተወረወረበትን ስድብ፣ እንዲያውም በመምህሩ ላይ ያለውን ቅሬታ እንዲህ አድርጎ ያወጣዋል። ቅኔው ካማረ መምህሩም የተነኩትን ችለው «ይበል» ይላሉ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔኔቤከር ከሥራ ባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው ጥናት እዚህ ላይ ትዝ ይለኛል። የኮሌጅ ተማሪዎች ለአራት ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ፣ ስለ ደረሰባቸው ከባድ ነገር ጻፉ። የሆነውንም የተሰማቸውንም አብረው የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ወደ ጤና ክፍል የሄዱበት ጊዜ ቀነሰ። ያ መንገድ ብቻህን ሆነህ፣ ማንም እንዳያይህ ተማምነህ፣ ሁሉን ግልጥልጥ አድርገህ የምትጽፍበት ነው። ቅኔ ቤት ደግሞ በሰው ፊት፣ ተሸፍኖ ነው። የትኛው ይሻላል አልልም። ሁለተኛው ግን የበለጠ ይከብዳል፤ ስሜትህን እስክትሸፍነው ድረስ ደግመህ ደጋግመህ ልታየው ግድ ነው።

ሽፋኑን ያልወደደለትም አለ። ሶሲዮሎጂስቱ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ኢትዮጵያ ባሳተመው መጽሐፍ ርዕሱን ከሰምና ወርቅ ወስዶ፣ ይህ የአነጋገር ልማድ ግልጽ ቋንቋ ከሚፈልገው ዘመናዊ አሠራር ጋር እንደሚጋጭ ተከራክሯል። ቢሮ ውስጥ ስብሰባ የተቀመጠ ሰው ነጥቡ ይገባዋል። ግን አሽሙርና ቅኔ አንድ አይደሉም። አሽሙር ሰው ይወጋል፤ ቅኔ ደግሞ አድማጩ ራሱ ፈትቶ እንዲደርስበት ይጠብቃል።

ቅኔ ቤትም ጥላ አለው። ቅኔ የገባ ተማሪ ኩራቱ አይቻልም ይባላል፣ ሐሜትም አይደለም። አእምሮ ይከፍታል ተብሎ የሚጠጣው አብሾም አለ። አስጠናግር የተባለው መርዛማ ተክል ይገባበታል ይባላል፤ «አብሾ አለበት» የምንለው ከዚያ ነው። ሴቶችም ለረጅም ዘመን ከደጁ ርቀው ነው የኖሩት። ይህን አልፈው ጎልተው የሚታዩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናቸው። በልጅነታቸው ዓይነ ስውር ሆኑ። ከአባታቸው ከቅኔ መምህሩ ጉባኤ አጠገብ አድገው፣ ቅኔውን በጆሮ ይዘው፣ በኋላ ጎጃም ውስጥ ወንበር ዘርግተው ወንዶችን አስተማሩ።

የካቲት 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ሲወስድ የጉባኤዎቹ መተዳደሪያ ተናጋ። ዘመናዊው ትምህርትም ልጁን አስቀድሞ ወስዶታል። ሆኖም ጎጃም ውስጥ ብዙ ጉባኤ ዛሬም አለ። ከተማ ውስጥ ደግሞ ግጥም ሌላ መድረክ አግኝቷል፤ ግጥም በጃዝ አለ፣ ጭብጨባ አለ። «ይበል» የሚል ግን ብዙ አልሰማሁም።

አሁን ተማሪውም ስልክ አለው። የተዘረፈ ቅኔ ተቀድቶ ቴሌግራም ላይ ይወጣል፤ ያነን አጥንቶ ነገራ ላይ የሚያቀርብ ሰነፍ መቼም አይጠፋም። የኔታ አይቆጡም፣ አይጠይቁትምም። እስኪጨርስ ይሰሙታል። ከዚያ፣ «በል ፍታው» ይሉታል።