«እባብ አባጨጓሬ» ምንድን ነው?

ያ «እባብ አባጨጓሬ» የሚሉት ቪዲዮ ሰሞኑን እንደገና ደረሰኝ። ቅርንጫፍ ላይ ያለ ትል ይነካል፣ ድንገት እባብ ይሆናል። አንዱ ከሥሩ «ጭንቅላቱን አሳብጦ፣ ዓይኑን አፍጥጦ» እያለ ያስረዳል። ወዳጄ፣ እሱ ጭንቅላት አይደለም። ዓይንም አይደለም።

ትሉ ሄሜሮፕላነስ የሚባሉት የእሳት እራቶች እጭ ነው። ታዋቂው ዝርያ ትሪፕቶሌመስ ከሜክሲኮ እስከ ደቡብ አሜሪካ ይገኛል። (አባጨጓሬ የሚለው ስምም ብዙ አይጥመኝም። እኛ ዘንድ አባጨጓሬ ፀጉራምና የሚያሳክክ ነው፤ ይሄ ልሙጥ ነው።)

ሲደነግጥ በኋለኛ እግሮቹ ቅርንጫፉን ጨብጦ ወደ ኋላ ይወድቅና ይገለበጣል። የምታዩት ደረቱን ነው፣ ያውም ከሥር በኩል። ኮቱን ገልብጦ ገበሩን እንደሚያሳይ ሰው አስቡት። የእባቡ ፊት የተሣለው ገበሩ ላይ ነው። ኮቱን ደግሞ ይነፋዋል። ቁልፎቹ ደረቱ ላይ ያሉት ስድስቱ እውነተኛ እግሮቹ ናቸው (የኋለኞቹ እግር መሰል ብቻ ናቸው)፤ ተጣጥፈው ሲተኙ የእባብ ቅርፊት ይመስላሉ። እውነተኛው ጭንቅላት ኮሌታው ውስጥ የተሸጎጠች ትንሽ ነገር ናት። «ዓይኑ» ጥቁር ቀለም ነው፤ መሀሉ ላይ የምታበራ የምትመስለው ነጭ ነጥብ ሳትቀር ቀለም ናት።

ይሄ አዲስ ግኝት አይደለም። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሄንሪ ባትስ አማዞን ውስጥ እንዲህ ያለ ትል አግኝቶ ራሱም ደንግጧል። መንደር ይዞት ሲገባ ያላስደነገጠው ሰው አልነበረም። ቅርፊት የሚመስለው የተጣጠፈ እግር መሆኑን ግን በ1862 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ከ160 ዓመት በላይ አለፈው፤ እኛ አሁንም «ጭንቅላቱን አሳብጦ» ላይ ነን።

ሌላው የሚያናድደኝ የእባብ ራስ የሚመስለውን ፑፓ (ትል ክንፍ ከማውጣቱ በፊት ተሸፍኖ የሚቆይበት ደረጃ) ፎቶ ከጎኑ ለጥፎ «ቀጣዩ ደረጃው ይሄ ነው» የሚለው ነው። እሱ ዳይናስተር ዳሪየስ የሚባል ቢራቢሮ ፑፓ ነው። ሌላ ቤተሰብ፣ ሌላ ነፍሳት።

ዝርያውን ከቪዲዮ ብቻ ንገረን ለምትሉኝም፦ ሄሜሮፕላነስ ውስጥ ከአንድ በላይ ዝርያ አለ፣ እጮቻቸውም ይመሳሰላሉ። ትሉን አሳድጎ ክንፍ እስኪያወጣ መጠበቅ ይሻላል። የሚወጣው ቡናማ የእሳት እራት ነው፣ የፊት ክንፉ ላይ የብር ቀለም ያለው ምልክት አለው። እባብ የሚባል ነገር አይታይበትም። ቪዲዮ የሚያነሣውም የለም።