የሠርግ ዲጄ በአዲስ አበባ

የሠርግ ዲጄ የራሱን ድምፅ ማጉያ፣ ሚክሰር (ድምፅ ማቀላቀያ) እና ኮምፒውተር ጭኖ ድግስ ወዳለበት አዳራሽ፣ ድንኳን ወይም ግቢ የሚሄድ፣ ከሙሽሮች መግቢያ እስከ መጨረሻው ጭፈራ ሙዚቃውን የሚመራ ባለሙያ ነው። በአዲስ አበባ ሥራው የሚበረታው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ሠርግ ስለማይደግሱ ብዙው ዕቃ ተሸፍኖ ይሰነብታል።

ከዲጄ በፊት የሠርግ ሙዚቃ የአዝማሪና የሴቶች ከበሮ ነበር። «አናስገባም ሠርገኛ» የሚባለው የሙሽሪት ደጅ ዘፈን ዛሬም ዲጄው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለሚዜዎች የሚለቀው ድርሻ ነው። ዘመናዊው የትንፋሽ መሣሪያ ባንድ ታሪኩ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ካገኟቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆችና ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ይያያዛል። ቀጥሎ የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች፣ ከዚያም የሆቴል ባንዶች መጡ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አምሃ እሸቴ በሸክላ ኅትመት የነበረውን የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቸኛ መብት ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም፣ ዘፋኙ ሳይኖር ዘፈኑ ወደ ሰው ቤት መግባቱ በረታ።

ለሠርግ ዲጄ እውነተኛውን በር የከፈተው ግን ካሴት ነው። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ታውጆ ስለነበር እንግዳው ወይ በጊዜ ይወጣል፣ ወይ በር ተዘግቶበት እስኪነጋ ይጨፍራል። እስኪነጋ የሚጫወት ባንድ ማቆየት ለሀብታምም ይከብዳል፤ ሁለት ቴፕና አንድ ሳጥን ካሴት ግን አይደክሙም። ካሴቱን በእስክሪብቶ አጠንጥኖ ልክ ዘፈኑ መጀመሪያ ላይ የሚያቆም፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላውን የሚያዘጋጅ ወጣት በየሠፈሩ ነበር። ዲጄ የሚል ስም ባይሰጠውም ሥራው ያው ነበር፣ ጆሮውም ከብዙዎቹ የዛሬ ባለ ኮምፒውተሮች የሚያንስ አልነበረም። ከዚያ ሲዲ መጣ፣ ከሲዲ በኋላ ኮምፒውተር።

አንዳንድ ሙዚቀኞች ዲጄ የባንዱን እንጀራ ነጠቀ ይላሉ። ይህ አልፎ አልፎ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ባንድ መቅጠር ከማይችለው ደጋሽ ግን የተነጠቀ እንጀራ የለም።

ዲጄ የሚቀጠረው በቀብድ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ ስለ ድምፅ ማጉያው ትልቅነት ይጠይቃል፤ ዋናው ጥያቄ ግን ዲጄው ሁለቱን ቤተሰብ ያውቃል ወይ የሚለው ነው። የሙሽራው ወገን ከወላይታ፣ የሙሽሪት ከጎንደር ከሆነ ሁለቱም ወገን ተራው ሲደርስ ወለሉን መሙላት አለበት፤ የአንዱ ዘፈን ሲበዛ የሌላው አክስቶች ፊታቸውን ያጠቁራሉ። ጉራጌኛ የማንም ወገን ሳይባል ሁሉን ያስነሣል፤ ስለዚህ ብልህ ዲጄ ቀድሞ አይጨርሰውም። በምሳ ሰዓት ለስለስ ያለ የመሣሪያ ሙዚቃ ይበቃል፤ ሽማግሌዎች ለምርቃት ሲነሡ ደግሞ ጸጥታ። ምርቃት ላይ ሙዚቃ የሚያስጮህ ዲጄ ችሎታው ምንም ቢሆን አይመረጥም።

መልስ ሌላ ቀንና ሌላ ሙዚቃ ነው፤ ካባ ለብሰው ለሚገቡ ሙሽሮች ባህላዊው ዘፈን ይበዛል። በዋናው ሠርግ ዋጋ ውስጥ መግባት አለመግባቱ በውሉ ላይ ይጻፍ። ጄኔሬተር የሚያመጣው ማን እንደሆነም እንዲሁ፦ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በአንድ የዘመድ ሠርግ መብራት ጠፍቶ ዲጄው ገመዱን እያየ ሲቀር፣ አክስቶች በጭብጨባና በእልልታ ሰዓቱን ሲያሻግሩት አይቷል።

በሕግ በኩል የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ ሙዚቃን በሕዝብ ፊት ማቅረብን ለባለመብቱ የተሰጠ መብት ያደርገዋል። የመኖሪያ አካባቢ የድምፅ ጣሪያም በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። በድንኳን ሠርግ ይህ ቁጥር የሚታወሰው ጎረቤት ሲመጣ ነው፤ ጎረቤቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከተጋባዦቹ አንዱ ነው።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ባሉ የኢትዮጵያውያን ሠርጎችም ሥራው ተመሳሳይ ነው፤ እዚያ ዲጄው አማርኛውን፣ ኦሮምኛውንና ትግርኛውን ካዳረሰ በኋላ ለሙሽሮቹ አሜሪካውያን የሥራ ባልደረቦችም ድርሻ ያስቀራል።