መጤ ወራሪ ዝርያ ምንድን ነው? ከቤት ያመለጠ እንስሳስ መቼ ነው ወራሪ የሚሆነው?

ከማቆያው ያመለጠ ባዕድ እንስሳ ሁሉ ወራሪ አይሆንም። አብዛኛውን ብርድ፣ ረሃብ ወይም አዳኝ ይጨርሰዋል። መጤ ወራሪ የሚባለው ሦስት ደረጃ ያለፈ ዝርያ ነው፦ ሰው ከተፈጥሮ ክልሉ አውጥቶ ወስዶታል፤ በአዲሱ ቦታ ያለ ሰው ድጋፍ ተራብቷል፤ እየተስፋፋም ነባሩን የዱር ሕይወት፣ የሰውን ጤና ወይም ሀብት ጎድቷል። ሁለተኛው ደረጃ ላይ የቀረ መጤ ነው እንጂ ወራሪ አይባልም።

ለቤት የሚሸጡ እንስሳት ወራሪ እስከ መሆን የሚደርሱት ለምንድን ነው? ነጋዴው የሚመርጠው ጉዞ የሚችል፣ የሰጡትን የሚበላ፣ በጠባብ ቦታም የሚራባ ዝርያ ነው። ዱር ውስጥ የሚያበረታውም ይኸው ጠባይ ነው። ሌላው ቁጥር ነው። ኩሬ ውስጥ የተጣለ አንድ ኤሊ ብቻውን አርጅቶ ይሞታል፤ በየዓመቱ ከብዙ ቤት ሲጣል ግን ወንድና ሴቱ መገናኘታቸው አይቀርም።

ቀይ ጆሮ ኤሊ ጥሩ ማሳያ ነው። ሲገዛ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሲያድግ ወደ 30 ይጠጋል፤ ከ20 ዓመት በላይም ይኖራል። ውሃውን ቶሎ ያቆሽሻል፤ ሳልሞኔላ የሚባል የሆድ ሕመም የሚያመጣ ባክቴሪያም ሊያስተላልፍ ይችላል። ባለቤቱ ሲሰለቸው ወንዝ ውስጥ ይለቀዋል፤ ያዘነለትም ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1997 ከአሜሪካ ወደ ውጭ የተላኩት ከ50 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። የአውሮፓ ኅብረት በ1997 ማስገባቱን ሲከለክል፣ ነጋዴዎች የዚያንኑ ዝርያ ሌላ ንዑስ ዝርያ፣ ሆደ ቢጫውን፣ ማቅረብ ቀጠሉ። ዝርያው በሙሉ የታገደው በ2016 ነው።

የቁጥሩ ነገር የማይሠራባት ፍጥረት ግን አለች። በ1990ዎቹ በጀርመን የአኳሪየም (የዓሣ ማቆያ የመስታወት ገንዳ) ንግድ ውስጥ የታየችው ዥጉርጉር ክሬይፊሽ (ሸርጣን መሰል የውሃ እንስሳ) ወንድ የላትም፤ ራሷን የሚመስሉ ሴቶችን በመቶዎች ትፈለፍላለች። አንዲት ብቻ ብታመልጥ ይበቃል። ዛሬ በማዳጋስካር ወንዞችና የሩዝ ማሳዎች ተሰራጭታለች።

ትልቁ ችግር መዘግየት ነው። በአሜሪካዋ ፍሎሪዳ የኤቨርግሌድስ ረግረግ የበርማ ዘንዶ ለዓመታት አልፎ አልፎ ይታይ ነበር፤ እየተራባ መሆኑ የታመነው በ2000 ነው። በ2012 የወጣ ጥናት ዘንዶዎቹ ለረጅም ጊዜ በቆዩበት አካባቢ በመንገድ ላይ የሚታዩ ራኩኖች (የአካባቢው ትንሽ የዱር አጥቢ እንስሳ) ከ99 በመቶ በላይ መቀነሳቸውን አሳየ። ዘንዶውን ወደ አሜሪካ ማስገባት በፌዴራል ደረጃ የተከለከለውም በዚያው ዓመት ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። የዘንዶው ቀለም ከሣሩ ስለሚመሳሰል በአጠገቡ አልፈው የማያዩት ብዙዎች ናቸው፤ አንዲት ሴትም በአንድ ጊዜ 50 እና ከዚያ በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። አሁን የሚሠራው ቁጥሩን መቀነስ ነው፤ ከሥሩ ማጥፋት የሚቻልበት ጊዜ አልፏል።

እባብ ከማቆያው ከወጣ መጀመሪያ የክፍሉን በርና የቧንቧ ቀዳዳ ይዝጉ። ጠባብ፣ ጨለማና ሞቃት ቦታ ይፈልጉ፦ የማቀዝቀዣው ሞተር አጠገብ፣ የሶፋው ውስጥ፣ ከምድጃው ጀርባ። ማታ በየበሩ ሥር ቀጭን ዱቄት ቢነሰነስ የሄደበትን መስመር ያሳያል። ከቤት ውጭ ከወጣ ለሚመለከተው የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ወዲያው ይደውሉ፤ ቅጣት ፈርቶ ዝም ማለት ነው ነገሩን የሚያከፋው።

ማኖር ካቃተ ሻጩን፣ የእንስሳት ሐኪምን ወይም መጠለያን ይጠይቁ እንጂ አይልቀቁ። ብዙ ሰው የሚረሳው የአኳሪየሙን ውሃ ነው፦ እንቁላል፣ ቀንድ አውጣና የበሽታ ፈንገስ ይዞ ሊሄድ ስለሚችል ወንዝ ወይም የዝናብ ቦይ ውስጥ ሳይሆን ከውሃ በራቀ ደረቅ አፈር ላይ ይደፋ። ተክሉም በደንብ ደርቆ፣ በፌስታል ታስሮ ከቆሻሻ ጋር ይወገድ።