ለከፋ ምንድን ነው?

ከቤቴ እስከ ታክሲ ተራው አራት ደቂቃ ያስኬዳል። መታጠፊያው ላይ የኮብልስቶን ድንጋይ ተከምሯል። ሥራው ከቆመ ቆየ፣ ድንጋዩ ግን እዚያው ቀርቷል። እላዩ ላይ ሁሌም አራት አምስት ልጆች ይቀመጣሉ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በዚያ ሳልፍ እንዲህ ሆነ።

«የኔ ቆንጆ!»

ዝም አልኩ።

«አንቺን እኮ ነው! ባለ ጥቁር ጃኬቷ!»

አሁንም ዝም።

«ኧረ ሰላምታ የእግዜር ነው!»

ፈጠን ፈጠን አልኩ።

«ኤጭ! ደግሞ ላንቺ! ፉንጋ!»

ከዚያ ሳቅ። የአምስት ሰው ሳቅ።

ከቆንጆ ወደ ፉንጋ ለመውረድ ሃያ እርምጃ አልፈጀብኝም። ፊቴ ያው ፊቴ ነው። ቆንጆ ያደረገኝም ፉንጋ ያደረገኝም ያው አንድ ልጅ ነው።

ለከፋ ማለት ይኸው ነው። መንገድ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ገበያ መሀል፣ የማታውቀው ወንድ ስለ መልኳ ወይም ስለ ሰውነቷ ወይም ስለ ለበሰችው ልብስ ሳትጠይቀው የሚወረውርባት ነገር። አብዛኛውን ጊዜ ቃል ነው። አንዳንዴ ፉጨት ነው፣ አንዳንዴ ክንድ መያዝ ነው። «ይወረውርባታል» ያልኩት አውቄ ነው፣ ወደ ውርወራው እመለስበታለሁ።

ቃሉ ራሱ የሚገርም ቃል ነው። «ለከፈ» ስንል መጀመሪያ የሚመጣው መንፈስ ነው። ጅኒ ለከፈው፣ ዛር ለከፋት ይባላል። ልክፍት ከዚሁ የወጣ ነው። ኳስ አይቶ የማይጠግበውን ሰው «የኳስ ልክፍት አለበት» እንለዋለን። ስለዚህ ለከፋ ሲባል አንድ ነገር ሳታስቢው መጥቶ ይነካሻል፣ ከነካሽ በኋላም አብሮሽ ይውላል ማለት ነው። ልክ ነው፣ አብሮ ይውላል። ማክሰኞ ቢሮ ገብቼ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ለልጁ በልቤ መልስ ስሰጥ ነበር። ዛር የለከፈው ሰው ጠበል ይወሰዳል። ለእኛ ጠበሉ የት እንደሆነ እስካሁን የነገረን የለም።

አሁን አሁን በወርክሾፕና በዜና «ጾታዊ ትንኮሳ» የሚባል ቃል ይሰማል። ጥሩ ቃል ነው፣ ሕግ ውስጥም ገብቷል። ግን ቤት ገብታ ጫማዋን እያወለቀች «ዛሬ ጾታዊ ትንኮሳ ደረሰብኝ» የምትል ሴት አላውቅም። «ለከፉኝ» ነው የምትለው። ችግሩ «ለከፉኝ» ስትል ቃሉ ጨዋታ ጨዋታ ይሸታል። እናትም «ዝም ብለሽ እለፊ፣ ምን ታደርጊያቸዋለሽ» ብላ ቡናዋን ትቀጥላለች። የእኔ እናት እንዲያ ነበር የምትለኝ። የእሷም እናት እንዲያው ብላት ይሆናል።

እዚህ ጋ ሁሌ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ታዲያ ሴት ልጅን ማናገር ቀረ?» አልቀረም። ጀንጀና ሌላ፣ ለከፋ ሌላ። ጀንጃኝ መልስ ይፈልጋል። ስሟን ይጠይቃል፣ ይቀልዳል፣ ፊቷን ያያል፣ ከጠቆረችበት ይሄዳል። ወይም መሄድ አለበት። ለካፊው መልስ አይጠብቅም። እንዲያውም ብትመልሺለት ግራ ይገባዋል። አንድ ጓደኛዬ አንዴ ቆም ብላ ዞረችና «አቤት፣ ምን ልርዳህ?» አለችው። ልጁ ጓደኞቹን አየ፣ መሬቱን አየ፣ «አይ... ምንም» አለ። ሌላ ቀን አድርጊው ብዬ አልመክርም፣ ሁሉም እንደዚያ ልጅ አይደለምና።

አሁን ወደ ውርወራው። የጥምቀትን ሎሚ ታውቁታላችሁ። በድሮው ወግ ጎረምሳው ዓይኑ ያረፈባትን ልጅ በሎሚ ደረቷን ይመታ ነበር። ከዛሬ ሆነን ስናየው ሎሚ መወርወርም ያው አይደል ሊባል ይችላል፣ እኔም ሙሉ በሙሉ አልከራከርለትም። ግን አንድ ነገር አለው። ሎሚው መሬት ላይ ይወድቃል። ከወደቀ በኋላ ተራው የእሷ ነው። ብታነሳው አንድ ነገር ነው፣ ትታው ብትሄድ ሌላ ነገር ነው። ደግሞ ሁሉ የሚያየው ቀን ነው፣ ዘመድ አዝማዱ አደባባይ ወጥቷል። ድንጋዩ ላይ የተቀመጡት ልጆች የወረወሩብኝ ግን መሬት አይወድቅም። ላንሳው ብል የማነሳው፣ ልተወው ብል የምተወው ነገር የለም።

እንግዲህ ሁልጊዜ የምለውን ልበል። ለከፋ የሚነገረው ለሴቷ አይደለም። ለጓደኛ ነው። እኔ መድረክ ነኝ፣ ተመልካቾቹ ድንጋዩ ላይ ናቸው።

ማስረጃ አለኝ። ያ ፉንጋ ያለኝን ልጅ ሐሙስ ማታ ሱቅ በር ላይ አገኘሁት። ብቻውን ነው። እናቱ ልካው መሰለኝ ዘይትና ሁለት ሳሙና ይዟል። በሩ ጠባብ ስለሆነ አንዳችን መቆም ነበረብን። አንገቱን ሰበር አድርጎ ወደ ጎን ቆመና «እለፊ እህቴ» አለኝ።

እህቴ! ማክሰኞ ፉንጋ፣ ሐሙስ እህት።

ሌላም ማስረጃ አለኝ። አንድ ቅዳሜ በዚያው መታጠፊያ ከወንድሜ ጋር አለፍን። አንዱ ልጅ ወንድሜን ሳያይ «ማሬ» ብሎ ጀመረ። ከኋላዬ ሲያየው ደነገጠ። «ይቅርታ ወንድም፣ አላየሁህም» አለ። ይቅርታው ለወንድሜ ነው። የተለከፍኩት እኔ፣ የተካሰው እሱ። ወንድሜ «ችግር የለም» ብሎ ይቅር አለው፣ እኔን የጠየቀኝ ግን የለም። እስከ ቤት ድረስ አላናገርኩትም፣ ለምን እንደተቆጣሁ እስካሁንም በደንብ የገባው አይመስለኝም።

ልጆቹ ይህን ከየት ተማሩት? ከታላላቆቻቸው ነው፣ ጥርጥር የለውም። ግን ቴሌቪዥናችንም ስልካችንም እያስተማሩ ነው። የፍቅር ክሊፕ ስታዩ እስኪ ቁጠሩ። ልጅቷ መንገድ ላይ ትሄዳለች። ዘፋኙ ይከተላታል። ፊቷን ታዞራለች። ዞሮ ፊቷ ይቆማል። በግራ ስትል በግራ፣ በቀኝ ስትል በቀኝ ይዘጋባታል። ሦስተኛው አዝማች ላይ ፈገግ ትላለች። መጨረሻ ላይ አብረው እስክስታ ይወርዳሉ። እምቢታዋ የዘፈኑ መግቢያ ነው፣ ሌላ ሥራ የለውም። እሷም በአራት ደቂቃ ውስጥ አንድ ቃል አትተነፍስም። ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ያየ ልጅ ዝም ስለው አዝማቹ ገና ነው ብሎ ቢያስብ ምን ይፈረድበታል? (ይፈረድበታል። ግን ከየት እንዳመጣው ይገባኛል።)

የስልኩ ደግሞ ይብሳል። ካሜራ ደብቀው መንገደኛ ሴት አስቁመው «ስልክሽን ስጪኝ» የሚሉበት ፕራንክ አለ። ከሰጠች ያሸንፋል። ከተቆጣች የበለጠ ያሸንፋል፣ ቁጣዋ ተቆርጦ፣ የሳቅ ድምፅ ተጨምሮበት ይለቀቃል። ድንጋዩ ላይ አምስት ተመልካች ነበር። አሁን አምስት መቶ ሺህ ሆነ።

በየአምስት ዓመቱ የዓለምን ዜና የሚቆጥር አንድ ትልቅ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 በዜና ከሚታዩ፣ ከሚሰሙና ስማቸው ከሚነሳ ሰዎች ውስጥ ሴቶች 17 በመቶ ነበሩ። በ2020 ደግሞ 25 በመቶ። በ25 ዓመት የስምንት ነጥብ ጭማሪ ነው። በክሊፕ የምትራመድ ሴት ሞልታለች፣ በዜና የምትናገረዋ ናት የጠፋችው። ልጁ ሴትን ስትሄድ እንጂ ስትናገር ካላየ ዞሬ «አቤት» ስለው ቢደነግጥ አይገርምም።

«በኛ አገር ብቻ ነው» የሚሉ አሉ፣ «ውጭ እንዲህ የለም» የሚሉም አሉ። ሁለቱም አያውቁም። የተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ግብፅ ውስጥ ባስጠናው ጥናት ከተጠየቁት ሴቶች 99.3 በመቶዎቹ አንድ ዓይነት ትንኮሳ እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ሶፊ ፔተርስ የተባለች የብራስልስ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ2012 ካሜራ ደብቃ በሰፈሯ ስትሄድ የሚሏትን ሁሉ ቀርጻ አሳየች። አገሩ ተንጫጫ፣ ቤልጂየም በ2014 ሕግ አወጣች። ፈረንሳይ በ2018 ተከተለች፣ ያኔ ቅጣቱ ከ90 እስከ 750 ዩሮ ነበር። እንግሊዝ አገር ላውራ ቤትስ የምትባል ሴት በ2012 ሴቶች የዕለት ተዕለቱን ነገር የሚጽፉበት ድረ ገጽ ከፈተች። በሦስት ዓመት ውስጥ 100 ሺህ ታሪክ ተጻፈበት። አብዛኛው እንደኔ ማክሰኞ ዓይነት ነው። ለብቻው ሲታይ ለፖሊስ የማይወራ፣ ሲደማመር ግን የሴትን መንገድ የሚቀይር።

የእኛ ሕግ መሥሪያ ቤት ውስጥ ደርሷል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳን ስሙን ጠርቶ ከልክሏል። አለቃዋ የተነኮሳት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን መልቀቅ ትችላለች። መንገዱ ግን የማንም መሥሪያ ቤት አይደለም። ጣቢያ ሄጄ «ቆንጆ አለኝ» ብዬ ልክሰሰው? መዝጋቢው ራሱ ይስቅብኛል።

ስለዚህ ሁላችንም የየራሳችን ሕግ አለን። ጆሮ ላይ ኤርፎን፣ ዘፈን ሳይከፈት። ማንም ያልደወለበት ስልክ ላይ «እሺ፣ እሺ፣ ደርሻለሁ» ማለት። ሙቀት ቢሆንም ጃኬት። ድንጋዩን ላለማለፍ በላይኛው መንገድ መዞር፣ እሱ ደግሞ ዘጠኝ ደቂቃ ነው። አራቱ ዘጠኝ ሆነ። በቀን አምስት ደቂቃ ለድንጋዩ እገብራለሁ ማለት ነው።

ትናንት ግን ረፍዶብኝ በታችኛው ሄድኩ። ትልልቆቹ ቁጭ ብለው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ከመሀላቸው አንድ ሚጢጢ ልጅ አለ፣ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ የትምህርት ቤት ሹራብ ለብሷል። አንዱ በክርኑ ነካ አደረገው። ልጁ ተነሳ።

«ቆንዞ!» አለኝ። «ጆ» ገና በደንብ አትመጣለትም።

ወደ እኔ አላየም። ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ ነው ዞሮ እነሱን ያየው። ሳቁ። አንዱ እፍኝ ቆሎ ሰጠው።