ጢማም እንሽላሊትን በአዲስ አበባ ዳርቻ ማላመድ

ጢማም እንሽላሊት፣ ሻጮች ቢርድድ ድራገን የሚሉት፣ የትውልድ ቦታው የአውስትራሊያ ውስጠኛ ደረቅ ምድር ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ፖጎና ቪቲሴፕስ ነው። ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ በወጉ ከተያዘ 10 ዓመት ያህል ይኖራል። አውስትራሊያ የዱር እንስሳቷ ለንግድ ከአገር እንዲወጡ ስለማትፈቅድ፣ በሌላው ዓለም ቤት ውስጥ የሚያድጉት በሰው እጅ የተፈለፈሉ ናቸው። በእኛ አገር የድንጋይ አጥር ላይ ፀሐይ ሲሞቁ የምናያቸው ራሰ ሰፊ እንሽላሊቶች ከእሱ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው።

አዲስ የገባ እንሽላሊት አልበላ ሲል ባለቤቱ ወዲያው ምግብ መቀያየር ይጀምራል። በአዲስ አበባ ዳርቻ ግን ቀድሞ መታየት ያለበት ሙቀቱ ነው። ይህ እንስሳ የራሱን ሙቀት አያመነጭም፤ ሰውነቱ ካልሞቀ የዋጠው አይፈጭለትም። ከእንጦጦ ጀርባ ያለችው ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርድባታል። ወደ አቃቂ ዝቅ ሲሉ አየሩ ይለዝባል፤ ለእንሽላሊቱ ግን እዚያም ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ በመስታወት ሣጥኑ አንድ ጫፍ፣ ከአምፖል ሥር ያለው ድንጋይ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ ሌላው ጫፍ ደግሞ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ መሆን አለበት። ሌሊት ከ18 ዲግሪ በታች ባይወርድ ይመረጣል። ቴርሞሜትሩ የሚቀመጠው እንስሳው በሚተኛበት ድንጋይ ላይ ነው፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የሚነግረን የአየሩን ብቻ ነው።

ከሙቀቱ ጋር ዩቪቢ የሚባለውን፣ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለ ለዓይን የማይታይ ጨረር የሚሰጥ ልዩ መብራት ያስፈልጋል። ያለ እሱ ሰውነቱ ካልሲየምን መጠቀም ስለማይችል አጥንቱ ይለሰልሳል። መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ አይተካውም፤ መስታወት ይህን ጨረር ያስቀራል። የደጋው ፀሐይ ግን ኃይለኛ ስለሆነ፣ በበጋ ረፋድ ጥላ ባለው የሽቦ ሣጥን ጥቂት ደቂቃ ግቢ ማውጣት ይጠቅመዋል። ሣጥኑ ክዳን ይኑረው፤ የከተማችን ጭልፊት ከሰው እጅ ሥጋ የሚነጥቅ ነው።

መብራት ሲጠፋ ምን ይደረግ? ሞቅ ያለ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ አጠገቡ ማኖርና ሣጥኑን በብርድ ልብስ መሸፈን ነው፤ አየር መግቢያ ግን ይተውለት። መብራቱ እስኪመለስ ምግብ አይሰጠውም፤ በቀዘቀዘ ሆድ ውስጥ የቀረ ምግብ ይበላሻል። በተዘጋ ክፍል ከሰል ማቀጣጠል ለእሱም ለቤተሰቡም ገዳይ ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት መነካካት አያስፈልግም። ጎረቤትና ልጆች ሊያዩት መጓጓታቸው አይቀርም፤ ቢሆንም ቢታገሡለት እወዳለሁ። ጉሮሮው ከጠቆረ ወይም መስታወቱን ከቧጨረ ተጨንቋል፤ የሣጥኑን ሦስት ጎን በወረቀት መሸፈንና መሸሸጊያ ማበጀት ያረጋጋዋል። ወለሉ ላይ ወረቀት ይነጠፍ እንጂ ሰጋቱራ አይሁን፤ ከምግቡ ጋር ሊውጠው ይችላል።

ግልገሉ በብዛት የሚበላው ነፍሳት ነው፤ ሲያድግ ቅጠሉ ይበዛል። የነፍሳቱ መጠን በእንሽላሊቱ ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ስፋት መብለጥ የለበትም። በፍሩሽካ ውስጥ ትል ማርባት ቀላል ነው፤ ቆዳው ጠንካራ ስለሆነ ግን ለትንንሾቹ ዋና ምግብ አይሆንም። ከአትክልት ማሳ የተያዘ ፌንጣ ፀረ ተባይ ተረጭቶበት ሊሆን ስለሚችል ባይሰጥ ይሻላል። ያልተበላው ነፍሳት ማታ ይለቀም፤ ተኝቶ ሳለ ይነክሰዋል። ነፍሳቱ ላይ የካልሲየም ዱቄት መነስነስ የተለመደ ነው።

ከቅጠል የሐበሻ ጎመን በደቃቁ ተከትፎ፣ ዱባም ተፍቆ ይሰጣል። ቆስጣ ካልሲየሙን ስለሚይዝበት አልፎ አልፎ ብቻ ይሁን፤ አቮካዶ መርዝ ነው። እሾሁ የተላጠ የበለስ ቅጠል እጅግ ጥሩ ምግቡ ነው። ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሰው የአጥር ቁልቋል ግን ሌላ ተክል ነው፤ ወተቱ አፍና ዓይን ያቃጥላል፤ ሁለቱን ማምታታት አደገኛ ነው።

ጎልማሳው ቦታ ሲቀይር አንድ ሁለት ሳምንት ምግብ ቢቀንስ ብዙ ጊዜ አያስጨንቅም፤ ግልገሉ ግን ለጥቂት ቀናት እንኳ ጨርሶ ካልበላ ያሳስባል። አፉን በግድ ከፍቶ ማጉረስ መንጋጋውን ሊጎዳው ይችላል። በየሳምንቱ በኩሽና ሚዛን መመዘን ከግምት ያድናል፤ ሚዛኑ ለምግብ የማይውል ይሁን፤ ከነካኩት በኋላም እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ሳልሞኔላ የተባለ ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ ሊያስተላልፍ ይችላል። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ የጅራቱ ሥር ከሳሳ ወይም ሙቀቱ ተስተካክሎም ክብደቱ መቀነሱን ከቀጠለ፣ ትኩስ ሰገራውን ይዞ ወደ እንስሳት ሐኪም መሄድ ነው፤ የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያን በማይክሮስኮፕ ይታያሉ።