በልጅነት የደረሰ ወሲባዊ ጥቃት እና ድህረ ሰቀቀን ጭንቀት

በልጅነታቸው ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ለማንም ሳይናገሩ ያድጋሉ። ይማራሉ፣ ሥራ ይይዛሉ፣ ትዳር ይመሠርታሉ። ከዓመታት በኋላ ግን ያ ነገር ሰበብ ፈልጎ ብቅ ይላል። የአንድ ሽቶ ጠረን ይበቃል። ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተንጋሎ አፍ መክፈትም ይበቃል። አንዳንዷ እናት ልጇ እሷ ያኔ የነበረችበት ዕድሜ ላይ ስትደርስ እንቅልፍ ታጣለች።

ይህ ሁኔታ ድህረ ሰቀቀን ጭንቀት ይባላል፤ ብዙ ሰው ፒቲኤስዲ ብሎ ያውቀዋል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1980 በምርመራ መመሪያው ውስጥ አስገባው። ያኔ ብዙ የተወራው ስለ ቬትናም ዘማቾች ነበር። ምልክቶቹ ግን ጦር ሜዳ ላልረገጠም ያው ናቸው። የሆነው ነገር አሁን እየሆነ ያለ ያህል በቅዠትም በውንም ይመለሳል። ሰው፣ ቦታ፣ ወሬ፣ የሚያስታውስ ሁሉ ይሸሻል። ሰውነትም አደጋው ያላለፈ ይመስል ዘብ እንደቆመ ይኖራል፤ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል፣ የትም ሲገባ ቀድሞ የሚፈልገው መውጫውን ነው።

በልጅነት፣ ተደጋግሞ፣ በሚታመን ሰው የደረሰ ጥቃት ደግሞ ከዚህም ያልፋል። አሜሪካዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም ጁዲት ኸርማን እ.ኤ.አ. በ1992 “ውስብስብ” የሚባለው ዓይነት ለብቻው እንዲታወቅ ሐሳብ አቀረቡ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባው አካቶታል። እዚህ ላይ ስሜትን መግዛት ያቅታል፣ ራስ እንደ ከንቱ ይታያል፣ ሰው መቅረብ ይከብዳል። ልጅ የሚሸሸግበት ሰው ራሱ አጥቂው ሲሆን ወዴት ይሂድ?

ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ጥፋቱን ወደ ራስ ማዞሩ ነው። “ለምን አልጮህኩም? ለምን ተመልሼ ሄድኩ?” እያሉ ዕድሜ ልክ ራስን መክሰስ። መሸሽም መታገልም በማይቻልበት ጊዜ ሰውነት ድርቅ ይላል። አንዳንዱ ከገላው ወጥቶ ከጣሪያ ላይ ሆኖ ራሱን የሚያይ ያህል ይሰማዋል። ይህ ፈቃደኝነት አይደለም፤ ድንጋጤ ነው። በሕክምና ላይ ባለሙያው አንዳንዴ “የሰባት ዓመት ልጅ ታውቂያለሽ? እሷ ላይ ቢደርስስ ጥፋተኛ ትያታለሽ?” ብሎ ይጠይቃል። ብዙዎች እንባቸው የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።

ጥሩው ነገር፣ ይህ ሕመም ይታከማል። በጉዳቱ ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምና እና ትዝታውን እያሰቡ ዓይንን ወዲያና ወዲህ በማንቀሳቀስ የሚሰጠው ሕክምና በጥናት የተደገፉ ናቸው። የድብርት መድኃኒቶችም አንዳንዱን ይረዳሉ። ስሜቱ በጣም ለሚናወጥ ሰው ግን መጀመሪያ መረጋጋትን መለማመድ ይቀድም ይሆናል። ጥቃት የደረሰበት ሁሉ አይታመምም። ሲናገር ያመነው ሰው ያገኘ ልጅ የተሻለ ዕድል አለው። አዋቂ ሆኖ የሚናገርም እንዲሁ ነው፤ በተለይ ወንዶች፣ አፍ አውጥተው መናገር ሲጀምሩ ብዙ ጊዜ 30 እና 40 ዓመት አልፏቸዋል። ያኔ “እስካሁን ለምን ዝም አልክ?” የሚል ጥያቄ አፋቸውን መልሶ ይዘጋዋል። “አምንሃለሁ” ማለት ይሻላል።