ኤንዲቪአይ ምንድን ነው? አረንጓዴ ሁሉ ደን አይደለም

አማራ ክልል አዊ ዞን ስላለው የፋግታ ለኮማ ወረዳ «ሳተላይት አረጋግጧል፣ የፋግታ ለኮማ ደን ተመልሷል» የሚል ጽሑፍ ከአረንጓዴ ካርታ ጋር ተለጥፎ አየሁ። እንዲህ ያለ ነገር ስላየሁ ብዛት ዝም ማለት አቃተኝ። ካርታው ኤንዲቪአይ ነው፤ እሱ ላይ ችግር የለም። ችግሩ ከሥሩ የተጻፈው ነው።

ኤንዲቪአይ ከመሬት ተንጸባርቆ ሳተላይት ከሚለካው ሁለት ዓይነት ብርሃን የሚሰላ የልምላሜ ቁጥር ነው። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፣ ዓይናችን የማያየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ ደግሞ ይመልሳል። የሁለቱን ልዩነት ለድምራቸው ስታካፍሉት ከ-1 እስከ 1 ያለ ቁጥር ይወጣል። በቃ ይኸው ነው። ስንት ዓይነት ዛፍ እንዳለ፣ ማን እንደተከለው፣ ወፍ ይስፈርበት አይስፈርበት አይናገርም።

የጥምቀት ለት ጃንሜዳን ከሩቅ ከፍታ ላይ ሆናችሁ እዩት እንበል። ነጭ በነጭ ነው። ሕዝብ መውጣቱን ታውቃላችሁ፤ ከነጠላው ሥር ያለው የሰፈሩ ሰው ይሁን እንግዳ ግን አይለይላችሁም። ሜዳው ከሞላ በኋላ ሌላ ሺህ ሰው ቢጨመርም ነጩ ያው ነጭ ነው፤ ኤንዲቪአይም ጥቅጥቅ ያለ ደን ላይ ሲደርስ እንዲሁ ይጠግባል፤ ቅጠሉ ቢጨምርም ቁጥሩ እምብዛም አይጨምርም። ከሳምንት በኋላ ሜዳው ጭር ቢል ደግሞ «አዲስ አበባ ሰው አለቀባት» የሚል የለም። የመስከረምን ምስል ከመጋቢት ጋር አስተያይቶ «ደኑ ተጨፈጨፈ» የሚል ግን ሞልቷል።

ወደ ፋግታ ለኮማ እንመለስ። እዚያ የለመለመው በአብዛኛው ዲከረንስ የሚባለው የአውስትራሊያ ግራር ነው። ገበሬው ማሳው ላይ ይተክለዋል፣ ጥቂት ዓመት ያቆየዋል፣ ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል፣ ከዚያ መሬቱን መልሶ እህል ይዘራበታል። ቁጥሩ ሲወጣ ደን ተመለሰ ማለት አይደለም፣ ሲወርድም ጥፋት አይደለም፤ አዝመራ ነው። ለገበሬው እውነተኛ ገቢ ነው፣ እሱን አላጣጥልም። ግን ዝግባና ወይራ ካለበት የተፈጥሮ ደን ጋር አንድ ላይ አይቆጠርም።

ይህን ስለው ካርታውን የለጠፈው ሰው «ሳተላይት አይዋሽም» ብሎ መለሰልኝ። እስቲ ጣናን ይይልኝ። የውሃ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ በታች ስለሆነ እምቦጭ የሚባለው አረም ሐይቁን በሸፈነ መጠን ቁጥሩ ያድጋል። ዓሣ አጥማጁ ጀልባውን መግፋት ተስኖት ካርታው «ለመለመ» ይላል! አፋር ውስጥ ግጦሹን የወረረው ፕሮሶፒስ የሚባል መጤ ዛፍም እንዲሁ አረንጓዴ ነው።

ሌላም አለ። ሞዲስ የሚባለው የሳተላይት ካሜራ የሚያነሳው ምስል አንዷ ነጥብ 250 ሜትር በ250 ሜትር ናት፣ 6 ሄክታር ያህል። የደቡብ ጎንደር ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን ደኖች አንዷ ነጥብ ውስጥ ገብተው ከዙሪያቸው ማሳ ጋር ይደባለቃሉ። ሴንቲኔል-2 የሚባለው ሳተላይት ነጥቡ 10 ሜትር ስለሆነ ይለያቸዋል፣ በክረምት ግን ደመናው ያሸንፈዋል። ያኔ ደመናን አልፎ የሚያየው ራዳር ይሻላል፤ እሱም ቢሆን የዛፉን ስም አይነግራችሁም።

ስለዚህ ካርታ ስትለጥፉ ወሩን ጻፉ፣ የነጥቡን ስፋት ጻፉ። «ብዝኃ ሕይወት» የሚለውን ቃል ከማስገባታችሁ በፊት ደግሞ ቦታው ድረስ ሄዶ ዛፉን በየስሙ የቆጠረና ገበሬውን ያነጋገረ ሰው ማን እንደሆነ ጻፉ።